ዴዝሞንድ ፓይክ ያላደረገው ንግግር

የኬልሶ ሾር ሕዝብ በምርጫ ቀን ሁለት ነገር አያጣም፤ ረጅም ሰልፍና በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ባሕር ዳሩ ትምህርት ቤት የመጣውን መራጭ ግን የፖሊስ መኪናም ጠበቀው። ከስፖርት ዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በሽቦው አጥር መካከል፣ አንድ ሽማግሌ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ነበር። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል።

ሟቹ ዴዝሞንድ ፓይክ ነው። በወረዳው እሱን የማያውቅ የለም። የኬልሶ ሾርን የምርጫ ታሪክ ከመጀመሪያው አንስቶ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ ኖራ አቃጣዮችና ዓሣ አጥማጆች የቀዮቹን ፓርቲ ወደ ምክር ቤት ይልኩ የነበረበትን ዘመን፣ አሸዋው ተደልድሎ ባለ ፎቅ ቤቶች ሲበቅሉበት ሰማያዊዎቹ የገቡበትን ዘመን፣ የወረዳው ድንበር አንዴ እስከ አውራ ጎዳናው፣ አንዴ እስከ ባቡር ሐዲዱ ሲጎተት ወንበሩ ከእጅ እጅ የዞረበትን ዘመን። «ሕዝቡ መች ተለወጠ፤ መስመሩ ነው እንጂ» ይል ነበር። ዓርብ ማታ በዋናተኞች ክበብ ስለዚሁ ታሪክ ሊናገር ተጠርቶ፣ ሰው ወንበር ይዞ ሲጠብቀው ሳይመጣ ቀረ። አሞት ይሆናል ብለው ተበተኑ።

ሳጅን ቪንሰንት ዲክሩዝ በግቢው በር ሲገባ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ሴትዮ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ድምፅ መስጠቱን አስቁሚ እንዳይሉኝ። ሥልጣኑ የለኝም።»

«አላስቆምም። እሱ ከእንግዲህ አይቸኩልም» አለ ዲክሩዝ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ እያመለከተ። «ሰልፉን ብቻ በወዲያኛው በር ያድርጉልኝ።»

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ሲነሳ፣ ሰውየው የሞተው ዓርብ ከሰዓት፣ ቢዘገይ ወደ ማምሻው ነው አለ። ዲክሩዝ ራሱን ነቀነቀና ዙሪያውን ያይ ጀመር። አጥሩ ከአስፋልቱ እስከ ባሕሩ የሚወርደውን የእግር መንገድ ይከተላል፤ ከመንገዱ ማዶ የአሸዋ ጉብታዎች ናቸው። በባሕሩ በኩል ያለው የአጥሩ ግማሽ፣ ዕቃ ቤቱ የተጠጋው፣ የሰማያዊዎቹ የቅስቀሳ ላስቲክ፣ ወዲያ የማያሳየው፣ ተወጥሮበታል። በአስፋልቱ በኩል ያለው ግማሽ ላይ የቀዮቹ አለ። ቀዩ ላስቲክ ጸጥ ብሏል። ሰማያዊው ግን ከየብስ በሚነፍሰው የጠዋት ነፋስ ጠርዝ ጠርዙ እየተገለበጠ ይንጫጫል።

«ልሰረው ሳጅን? ጆሮ ይበጥሳል እኮ» አለ አንድ ፖሊስ።

«አትንካው። ማንም እንዳይነካው።»

ዲክሩዝ ከሬሳው ይልቅ ላስቲኩን ረዘም አድርጎ ነበር ያየው።

የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ክፍል ለቀቁለት። ወንበሮቹ ከጉልበት አይዘልሉም። መጀመሪያ የገባው ኖኤል ባስኮም እንዲህ ባለች ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። ኖኤል የሰማያዊዎቹን ዘመቻ የሚመራ ሰው ነው፤ ዛሬ ለምትወዳደረው ለሜሪን ስትራውድ፣ ከእሷ በፊት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ለአባቷ ለኪት ስትራውድ ሠርቷል። ሬሳውን አይቶ ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

«ጎህ ሲቀድ ደረስኩ» አለ። «የትምህርት ቤቱን ደንብ ታውቃለህ፤ ከምርጫው ቀን ጎህ በፊት አጥር ላይ ምንም አይሰቀልም። ላስቲኬን ወጥሬ ስጨርስ ቋጠሮውን ከውስጥ ላጠብቅ ዞርኩ። ያኔ አየሁት።»

«ከውጭ ሆነው ሲወጥሩስ? የሽቦ አጥር ነው፤ ወዲያ ያሳያል።»

«ዓይኔ እጄ ላይ ነበር። ሥራ ከያዝኩ ፊት ለፊቴ ዓሣ ነባሪ ቢተኛም አላይም።»

«ዓርብ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ቢሮ። ዛሬ የሚታደለውን ወረቀት ሳጥፍ።»

«ብቻዎን?»

«ወረቀት ለማጠፍ ማን ይረዳል ብለህ? ሁሉም ፎቶ መነሳት ነው የሚፈልገው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ማሳጣት አልወድም፣ ሳጅን። ግን ዳኒካ ፔትሪች ትናንት ቀትር ላይ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ በፓይክ ላይ ስትጮህ ግማሹ ወረዳ ሰምቷል።»

ኖኤል ገና ሳይወጣ ከጉብታው ሣር ውስጥ የተገኘ የጎማ መዶሻ ይዘው መጡ። መምቻው ላይ ደም አለ። እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል።

ዳኒካ የቀዮቹ የጣቢያ አስተባባሪ ናት። ከዲክሩዝ ጋር በዚሁ ትምህርት ቤት ነው ያደጉት። ገብታ መዶሻውን ስታይ አልተቀመጠችም።

«የኔ ነው። ረቡዕ ጠፋብኝ፤ አስቀድሞ ድምፅ በሚሰጥበት አዳራሽ። እዚያ የሁላችንም ዕቃ አንድ ጥግ ነው የሚከመረው። የኖኤልም፣ የኔም።»

«ዛሬ ስትመጪ ምን አየሽ?»

«የኖኤል ላስቲክ ተወጥሮ አልቆ ነበር፤ ሁሌም ይቀድመኛል። እኔ የኔን ጨርሼ ሳልቋጥር ሰው ሞተ እያለ ወጣ።»

«ትናንት ለምን ጮህሽበት?»

ዳኒካ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የሕፃናት ሥዕሎች ስታይ ቆየች።

«አባቴን ታስታውሰዋለህ፣ ቪንስ?»

«ቲማቲም ይሰጠን ነበር።»

«አባቴ ከኪት ስትራውድ ጋር ተወዳድሮ በአንድ አውቶቡስ ሰው በማይሞላ ድምፅ ነው የተሸነፈው። ያን ዓመት ፓይክም ተወዳድሯል፣ ‹ጉብታዎቹን እናድን› ብሎ። ሦስተኛ እንደሚወጣ ያውቃል፤ መራጮቹ ሁለተኛ ብለው አባቴን እንዲጽፉ ተስማምተው ነበር።»

በኬልሶ ሾር መራጭ ዕጩዎቹን በተራ ነው የሚጽፈው፤ አንደኛ ያለው ሲወድቅ ድምፁ ሁለተኛ ወዳለው ይሄዳል። ስለዚህ በጣቢያው በር ላይ የሚታደለው «እንዲህ ብላችሁ ጻፉ» የሚለው ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። ዲክሩዝ ይህን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

«በዚሁ ጣቢያ በር ላይ» አለች ዳኒካ «አንድ ሰው የፓይክን አረንጓዴ ወረቀት አስመስሎ አሳትሞ አደለ። ሁለተኛ ስትራውድ የሚል። አባቴ ተጭበረበርኩ ሲል፣ ሽንፈት የማይችል ሰው ተባለ። የቀበርነውም ከዚያ ስም ጋር ነው።»

«ፓይክ ያውቅ ነበር?»

«ያኔውኑ። ትናንት ነገረኝ። ስትራውድ ጉብታዎቹ ላይ አይሠራም ብሎ ማለለት፤ እሱም አፉን ዘጋ። አሁን ልጅየዋ ጉብታውን ንዳ የጀልባ ወደብ ልትሠራ ነው። ‹ዛሬ ማታ አዳራሹ ውስጥ ሁሉን እናገራለሁ፤ ወረቀቱን ማን እንዳደለም ስሙን እጠራለሁ› አለኝ። ማነው ስለው ማታ ትሰሚዋለሽ አለ። አባቴ በሕይወት እያለ የት ነበርክ ብዬ ጮህኩበት። ያን ነው ሰዉ የሰማው።»

«ስደርስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ለመግደል በቂ ምክንያት አይመስልም?»

«ይመስላል።»

«ለዚህ ነዋ።» ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። «አንድ ነገር ግን አስብ። የአባቴን ስም ሊያጥብ የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነበር። ልገድለው ብፈልግ እንኳ ከንግግሩ በኋላ ነበር የምገድለው።»

ስልኩ ጮኸ። የዲክሩዝ አለቃ ኢንስፔክተሩ ነበር።

«መዶሻዋ፣ ጠቧ፣ ጩኸቷ። ምን ትጠብቃለህ? አብራህ ስለተማረች ነው?»

«የባሕሩን ነፋስ ነው የምጠብቀው፣ ጌታዬ።»

«ምን አልክ?»

«ከቀትር በኋላ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚታሰረውን ሰው ራሴ አመጣዋለሁ።»

«ነፋስህ መጥቶ ካለፈ በኋላ ግን እሷን ነው የማስረው» አለና ዘጋው።

ሜሪን ስትራውድ ስትገባ ሰማያዊ ሸሚዟ ላይ ስሟ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ውጭ የጨበጠችው እጅ ብዛት መዳፏን አቅልቶታል።

«ፓይክ ዓርብ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ስለ አባቴ ማታ የሚናገረው እንዳለ። ቀድሜ እንዳውቀው ብሎ ነው።»

«ለማን ነገሩት?»

«አጎቴ ለምለው ለኖኤል። ያለ እሱ ለማን እነግራለሁ?»

«ምን አለዎት?»

«‹ተረጋጊ ልጄ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ› አለኝ።»

«አነጋገረው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ዛሬ ሬሳው ከተገኘ በኋላስ?»

ሜሪን ወደ መስኮቱ ዞረች። ከውጭ የሰልፉ ጫጫታ ይሰማል።

«ዛሬ ምርጫ ነው፣ ሳጅን» አለች።

ዲክሩዝ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ቋሊማው ሄደ። መጥበሻውን የያዙት ግሌኒስ ታከር ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ወላጆች ማኅበር ልጆቻቸው አድገው ከሄዱም በኋላ ሊለቃቸው ያልቻለ አሮጊት።

«ሽንኩርት?» አሉት።

«ይጨምሩበት። ትናንት ሲመሽ ውሻዎን በየት ወሰዱት?»

«በዚሁ መንገድ፣ ወደ ባሕሩ። ዕድሜ ልኬን በዚሁ ነው።»

«በዕቃ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ያዩት ነገር አለ?»

«ምን አያለሁ? ውሻው ቆሞ አጉረመረመ። ምን እንደሸተተው እንጃ። ጎትቼ ወሰድኩት።»

«እርስዎስ ወደ ውስጥ አላዩም?»

«እንዴት አድርጌ? ዓይኔ ግድግዳ ይበሳል?»

ዲክሩዝ ማኘኩን አቆመ። «አጥሩ ላይ ላስቲክ ነበር ማለት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ላስቲክ ያልተጠመጠመበት ነገር የት አለ? በየአጥሩ፣ በየምሰሶው። ጳጳሱን ጠቅልለው መንገድ ላይ ቢያቆሙትም አላየውም ነበር።» ቋሊማውን ገለበጡት። «ቢሆንም የዛሬው የኖኤል ምን ነካው? ዕድሜውን ሙሉ ሲወጥር እንዲህ ሲንጫጫበት ሰምቼ አላውቅም።»

ከቀትር በኋላ ዲክሩዝ ኖኤልን፣ ዳኒካን፣ ሜሪንንና ግሌኒስን በእግር መንገዱ ላይ፣ ሁለቱ ላስቲኮች በሚገናኙበት ቦታ አቆማቸው። የየብሱ ነፋስ ሞቶ ነበር። አየሩ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም ላስቲኮች ሽቦው ላይ ልሙጥ ብለው ተንጠልጥለዋል። ከበስተኋላቸው ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ለስብሰባ ጊዜ የለንም» አለ ኖኤል። «ሰው ድምፅ እየሰጠ ነው።»

«አላቆያችሁም። ፓይክ የሞተው ትናንት ከሰዓት ነው። እኔን መጀመሪያ የገረመኝ ማን ገደለው የሚለው አይደለም፤ ለምን አልታየም የሚለው ነው። ይህ መንገድ ማምሻውን ውሻ ይዞ የማይወርድበት ሰው የለም። አጥሩ ሽቦ ነው። ሰው በቅርብ ርቀት ተደፍቶ ማንም አላየውም። ውሻ እንኳ ሸቶት ቆሟል።»

«የኔ ውሻ?» አሉ ግሌኒስ።

«የእርስዎ። እርስዎ ግን ‹ዓይኔ ግድግዳ ይበሳል?› አሉኝ። እዚህ ግድግዳ የለም። ትናንት ሲመሽ አጥሩ ተሸፍኖ ነበር።»

«ማንም ሊሸፍነው ይችላል» አለ ኖኤል። «ቀይ መዶሻ የያዘ ሰውም ጭምር።»

«ይችላል። በሰማያዊ ላስቲክ? ከዚያ ሌሊት አውልቆት፣ ጠዋት እርስዎ ሌላ ሰማያዊ ወጠሩበት? እስቲ ቆይ።»

ዲክሩዝ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ወደ ላይ አነሳ። ከባሕሩ በኩል የጉብታው ሣር መጎንበስ ጀመረ። መጀመሪያ ቅዝቃዜው ደረሰ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ ከዚያ ነፋሱ ራሱ። ጠዋቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ የዋለው የዳኒካ ቀይ ላስቲክ ጠርዙ ተፈልቅቆ ይንጫጫ ጀመር። ሰማያዊው አንዴ አበጥ ብሎ ሽቦው ላይ ተለጠፈና ዝም አለ።

«ላስቲኩ አንድ ወጥ አይደለም» አለ ዲክሩዝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቁራጭ በቁራጭ፣ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ይደረባል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ቁራጭ ከላይ ያደርገዋል፤ ነፋሱ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ። ዳኒካ ዛሬ ጠዋት በየብስ ነፋስ ነው የወጠረችው። ለዚህ ነው ጠዋት ጸጥ ብሎ አሁን የሚጮኸው። የእርስዎ ጠዋት ጮኸ፣ አሁን ዝም አለ። የባሕር ነፋስ እየነፈሰ ነው የተወጠረው። የባሕር ነፋስ ጠዋት የለም፣ አቶ ባስኮም። ትናንት ከሰዓት ነበር።»

«ቸኩዬ አሳስቼው ይሆናል።»

«አንድ ቁራጭ ይሳሳታል። ይህ ከዳር እስከ ዳር እንከን የለውም፤ ነፋሱ ብቻ ነው የተለየው። ጠዋት ሲንጫጫ ሰምተዋል። እንደ ልማድዎ ፈትተው እንዳይወጥሩት ሬሳው ይገለጣል፣ ዳኒካ ደግሞ እየደረሰች ነው። ስለዚህ አሁን ወጠርኩት ብለው ወደ ውስጥ ዞሩና ‹አገኙት›። መዶሻው ረቡዕ ከእርስዎ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ መኪናዎ ውስጥ ገብቷል። ዓርብ ጠዋት ሜሪን ስለ ፓይክ የነገረችው አንድ ሰው ነው። አነጋግረዋለሁ ያለውም እሱ ነው። አረንጓዴውን ወረቀት ያደለ ሰው ስሙ ማታ አዳራሽ ውስጥ ይጠራል ተብሎ ነበር።»

ሜሪን ወደ ኖኤል ዞረች። «አጎቴ?»

ኖኤል ወደ አጥሩ ቀረበ። እጁን ሰማያዊው ላስቲክ ላይ አድርጎ፣ የፈረስ አንገት እንደሚዳብስ ሰው መገጣጠሚያውን ዳሰሰው።

«እጄ ነው የሠራው» አለ። «ሰው መትቼ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ፣ እጄ ብቻውን በደንብ ሠራው።» ከዚያ ለሜሪን ነገራት፣ ሌሎቹ የሌሉ ይመስል። «ጠርቼው እዚህ መጣ። እሁድ ከፈለግህ ጣራ ላይ ወጥተህ ጩኽ፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሠኝ አልኩት። ‹ወደቡን ታስቀራላችሁ?› አለኝ። እሱ በኔ እጅ አይደለም አልኩት። ‹እንግዲያው ልጅቷ የወረሰችው ምን እንደሆነ ታውቅ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ላንቺ ነው ልጄ። ለአባትሽም።»

ፖሊሶቹ ሲይዙት ወደ ጣቢያው በር አየ። «ድምፄን አልሰጠሁም።»

«ላልመረጠ ሰው የሚጻፈው ቅጣት በፖስታ ይደርስዎታል» አለ ዲክሩዝ።

መኪናው ሲሄድ ሁለቱ ሴቶች አጥሩ ሥር ቀሩ። ከሰልፉ ውስጥ ማንም የተባለውን አልሰማም፤ ነፋሱና ላስቲኩ አልፈቀዱም።

«ስሜ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ታትሟል» አለች ሜሪን። «ላንሳው ብልም አይነሳም።»

«ስምሽን አንሺ አላልኩሽም። የዳኒካ አባት ውሸታም አልነበረም ብለሽ ንገሪያቸው። ገና ግማሹ ሰው አልገባም።»

ሜሪን ወደ ሰልፉ አየች። ከዚያ ፀጉሯን ከነፋሱ ሰብስባ ወደ በሩ ተመለሰች። ወረቀቷን አነሳች። ለመጀመሪያው ሰው ስትሰጠው ዓይኑን አላየችም፤ ለሦስተኛው ስትሰጥ ግን ፈገግ አለች።

ዳኒካ ወደ ዲክሩዝ ዞረች። «አንተ ንገራቸው።»

«ክስ ሳይመሠረት አፌን ብከፍት ጠበቃው በዚያው ያስለቅቀዋል። ፍርድ ቤት ይነገራል፣ ዳኒካ። በምስክር፣ በመሐላ።»

«መቼ?»



ዳኒካ ራሷ ወደ ሰልፉ ሄደች። ከበሩ ሕጉ በሚፈቅደው ርቀት ቆማ፣ በዚህ ጣቢያ በአባቷ ላይ ምን እንደተሠራ፣ ፓይክ ለምን እንደተገደለ ተናገረች። ሰዎች ጫማቸውን አዩ። አንዱ ሰውዬ ልጁን ወደ ወዲያኛው ጎኑ አዛወረ።

«የአንቴ ፔትሪች ልጅ አይደለች?» አለ አንዱ።

«ናት። እሱም እንዲህ ይል ነበር።»

«በሬሳ ድምፅ መለመን ደግሞ አዲስ ነው» አለች ሌላዋ፣ ዳኒካ እንደምትሰማት እያወቀች።

ቀኑ ተገባዶ በሮቹ ሲዘጉ ቆጠራው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጀመረ። ዳኒካ የቀዮቹ ታዛቢ ሆና ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች። ታዛቢ ወረቀት አይነካም፤ እንደ ልማዱ ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣምራለች። ሰማያዊው ክምር ከፍ እያለ ሄደ። ኃላፊዋ ሴትዮ ውጤቱን ሲያነቡ ከውጭ የደስታ ጩኸት ተሰማ፣ የሜሪንም ስም ተጠራ። ዳኒካ ፊርማዋን አስቀምጣ ወጣች።

ግሌኒስ መጥበሻቸውን አጥበው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦታ ለቀቁላት። ዳኒካ ቆማ ቀረች።

«ሰልፉ ላይ ስትናገሪ ሰማሁሽ» አሉ አሮጊቷ። «ያን ዓመት እኔም በዚህ በር ገብቻለሁ። ፓይክን ነበር የምወደው፣ ስለ ጉብታዎቹ። አረንጓዴ ወረቀት ሰጡኝ። እንዳለው አድርጌ ጻፍኩ።»

«ማን ሰጠዎት?»

«ማን እንደሆነ ፊቱን አላየሁም። ማን ያያል? እጅ ነው የሚታየው።»

«ሁለተኛ ማንን ጻፉ?»

ግሌኒስ እጃቸውን በፎጣቸው ጠረጉ፣ ደርቆም ሳለ።

«ስትራውድን።»

ዳኒካ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥራቸው ከኖረው ከእነዚያ የተነጠቁ ድምፆች የአንዱን ፊት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።